«ልጄን ለምን ደፋችሁት?»

ጥያቄውን የጠየቁኝ እናት ከጽኑ ሕሙማን ክፍላችን የመስታወት በር ውጭ ቆመው ነበር። የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ ይዘዋል። በመስታወቱ በኩል የሚታያቸው የልጃቸው ጀርባ ብቻ ነው። ልጁ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ከባድ የሳንባ ምች ይዞት ነው የመጣው። ማታ ሲሰናበቱት በጀርባው ተንጋሎ ፊቱ ወደ ኮርኒሱ ነበር። ጠዋት ሲመጡ በሆዱ ተኝቷል፤ ቱቦው ከአፉ ጥግ ወጥቶ ወደ መተንፈሻ ማሽኑ ይሄዳል፤ አንድ እጁ እንደ ዋናተኛ ወደ ላይ ታጥፎ ተዘርግቷል።

«ሲስተር፣ ልጄን ለምን ደፋችሁት?»

«መደፋት» ምን ማለት እንደሆነ ለአማርኛ ተናጋሪ አላስረዳም። ውሃ ይደፋል፤ ቆሻሻ ይደፋል፤ የተመታ ሰው በአፍ ጢሙ ይደፋል። ቃሉ ደህና ነገር የሚያወራው ዘውድ ሲደፋ ብቻ ነው፤ እሱም ለጥቂት ሰው ነው። እኛ ነርሶች ደግሞ የተማርነው በእንግሊዝኛ ስለሆነ፣ ለዚህ አተኛኘት የሚሆን ለእናት ጆሮ የሚመች ቃል ይዘን አልተመረቅንም። እርስ በርሳችን በእንግሊዝኛው ስሙ ጠርተነው እናልፋለን። አስታማሚ ሲጠይቀን ነው የምንንተባተበው።

«አልደፋነውም እማማ፤ በደረቱ አስተኛነው» አልኳቸው። ልዩነቱ አልታያቸውም። እውነቱን ለመናገር ለእኔም ያን ያህል አልታየኝም። ስለዚህ ወደ እንጀራ ሄድኩ።

ሳንባ በብዙ ሚሊዮን የሚቆጠሩ ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች ያሉት አካል ነው። እንጀራ በዓይኑ እንደሚታወቅ ሁሉ ጤነኛ ሳንባም በእነዚህ ከረጢቶች ነው የሚኖረው። አሁን መሶብ ውስጥ የተደራረበ ብዙ እንጀራ ያስቡ አልኳቸው። የላይኛው ዓይኑ ክፍት ነው፤ የታችኛው የላይኞቹ ክብደት ስለሚጫነው ይጨፈለቃል። በጀርባው የተኛ ሕመምተኛ ሳንባም እንዲሁ ነው። ሳንባው ውሃና መግል ሲቋጥር ይከብዳል፤ የላይኛው የታችኛውን ይጫነዋል። ልብ ከላይ ይቀመጥበታል፤ ሆድ ዕቃውም ከእግር በኩል ድያፍራሙን፣ ደረትና ሆድን የሚለየውን የመተንፈሻ ጡንቻ፣ እየገፋ ይጨምርበታል። የሚጨፈለቀው ደግሞ የጀርባው በኩል ነው፤ ሳንባ ከፊት ጠበብ፣ ከኋላ ሰፋ ያለ ስለሆነ አብዛኛው ከረጢት ያለው እዚያ ነው።

እማማ ዝም ብለው ሰሙኝ። ከዚያ አረሙኝ።

«እሱማ ትኩሱን ስትደራርቢው ነው ልጄ። ትኩሱን መጀመሪያ ሰፌድ ላይ ታሳርፊዋለሽ፤ ሲበርድ ነው የሚደረደረው። ትኩሱን ካነባበርሽው ይጣበቃል። ከተጣበቀ በኋላ ብታላቅቂውም ዓይኑ ይጠፋል።»

እኔ ካልኩት የእሳቸው ይሻላል። የታመመ ሳንባ እኮ ትኩስ ነው፤ ተቆጥቷል፤ እርጥብ ነው። የተጣበቀ ከረጢት ማሽኑ አየር ሲገፋ ይላቀቃል፤ አየሩ ሲወጣ መልሶ ይጣበቃል። ይህ በደቂቃ ሃያ ጊዜ፣ ቀንና ሌሊት ሲደጋገም ሳንባውን የሚያቆስለው ራሱ እርዳታው ይሆናል። ትንፋሽ ሲያልቅ ማሽኑ ጥቂት ግፊት ሳንባው ውስጥ እንዲያስቀር የምናደርገው ከረጢቶቹ ጨርሰው እንዳይጣበቁ ነው። ነገር ግን ግፊት ብቻውን ሁሉንም አይደርስም። የላይኛውን ክፍት ከረጢት ከመጠን በላይ ሊወጥረው፣ የታችኛውን ደግሞ እንደተጨፈለቀ ሊተወው ይችላል። ያን ጊዜ ያለው መላ መሶቡን መገልበጥ ነው።

ሰውየው ሲገለበጥ የጀርባው ሳንባ ከሸክሙ ይላቀቃል፤ ልብም ወደ ደረት አጥንቱ ያዘነብላል። ከሁሉ የሚገርመኝ ግን የደሙ ነገር ነው። ደም እንደ ውሃ ወደ ታች የሚፈስ ይመስለናል፤ ሰው በደረቱ ሲተኛም ብዙው ደም ወደ ጀርባው ሳንባ መሄዱን አይተውም። ስለዚህ አዲስ የተከፈተው ከረጢት ደሙ ቀድሞ ደርሶ ሲጠብቀው ያገኘዋል። ኦክስጅኑ የሚሻሻለው በዚህ ነው።

የሚቀጥለውን ግን ለእማማ አልነገርኳቸውም፤ ያን ሌሊት እንዴት እንዳዞርነው።

ሐኪሙ «እናዙረው» ያለው ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ ነው። ማሽኑ ከሚሰጠው አየር 80 በመቶው ኦክስጅን ነው፤ የደሙን ኦክስጅን በመቶኛ የሚያሳየው የሞኒተሩ ቁጥር ግን 86 ላይ ቆሞ አልንቀሳቀስ ብሏል። ሰው ለማዞር አምስት ሰው ያስፈልጋል፤ አንድ ጭንቅላቱ ጋር፣ ሁለት ሁለት በጎንና በጎን። በአዳር ፈረቃ አምስት ሰው አለን ብላችሁ እንዳታስቡ። አንዱን ከድንገተኛ ክፍል ተበደርን።

አብዛኛው ሥራ ከመዞሩ በፊት ነው ያለው። በአፍንጫው ቱቦ የሚሰጠውን ምግብ አስቀድመን አቆምን፤ ጨጓራው ውስጥ ያለውን መልሰን ሳብን። አፉንና የመተንፈሻ ቱቦውን በመምጠጫ አጸዳን። ዓይኖቹን ቅባት ቀብተን በስሱ ፕላስተር ዘጋን፤ የተኛ ሰው ዓይን ትራስ ላይ ገርበብ ብሎ ካደረ ብሌኑ ይቧጨራል። ቱቦው ከንፈሩ ጋር 23 ቁጥር ላይ መሆኑን ጮክ ብዬ አነበብኩ፤ ሌላዋ ነርስ ጻፈችው። ኦክስጅኑን 100 አደረግን። ከዚያ አንድ አንሶላ ከበታቹ፣ አንድ አንሶላ ከላዩ አድርገን የሁለቱን ጠርዝ በግራና በቀኝ አንድ ላይ አጥብቀን ጠቀለልን። በዚያች ደቂቃ ለሚያይ ሰው ግንዛት ይመስላል። መጋረጃ የምንጋርደው ለዚያ ነው።

ቱቦውን የያዘው የሰመመን ባለሙያ ነው፤ የሚቆጥረውም እሱ ብቻ ነው። «በሦስት» ሲባል ሦስት እንደተባለ ነው ወይስ ከሦስት በኋላ? ቀላል ነገር ይመስላል። ግማሹ ሰው ቀድሞ ግማሹ ዘግይቶ ሲጎትት ያየ ግን አስቀድሞ ይስማማል። መጀመሪያ ከማሽኑ ራቅ ወዳለው የአልጋ ጠርዝ አንሸራተትነው። ቀጥሎ በጎኑ አቆምነው። ከዚያ ወደ ማሽኑ አቅጣጫ በደረቱ አሳረፍነው።

ቁጥሩ 79 ገባ።

በዚያ ክፍል ውስጥ ከማሽኑ በቀር የሚተነፍስ አልነበረም። የቱቦውን ቁጥር ድጋሚ አነበብኩ፤ 23። ሐኪሙ በግራም በቀኝም አዳመጠ፤ አየር ይገባል። 81። 84። የምናስበውን ሁሉ አድርገናል፤ የቀረው መጠበቅ ነው። ከአንድ ሰዓት በኋላ 93 ሆነ። ሊነጋጋ ሲል ኦክስጅኑን ወደ 60 በመቶ አውርደን ነበር።

ለዚህ ሥራ ተብሎ የሚሸጥ ልዩ የፊት ትራስ አለ፤ መሐሉ ክፍት የሆነ። እኛ ዘንድ ፋሻ እያጠነጠንኩ ክብ አድርጌ በጥጥ ጠቅልዬ የምሠራው አለ። የጀበና ማቶት ነው የሚመስለው፤ ስሙም ማቶት ሆኖ ቀርቷል። «ማቶቱን አቀብይኝ» ሲባል አዲስ የመጡ ሐኪሞች ቡና የተፈላ ይመስላቸዋል። ደረቱና ዳሌው ሥር የተጠቀለለ ብርድ ልብስ እናስገባለን፤ ሆዱ ተንጠልጥሎ እንዲቀር፣ እንዳይታፈን። አልጋውን በሙሉ ከራስጌ ትንሽ ከፍ እናደርጋለን፤ አለዚያ ፊቱ ያብጣል። እንደዚያም ሆኖ ያብጣል። ፊቱንና እጁን በየሁለት ሰዓቱ እናዛውራለን፤ ፊቱ ወደ ቀኝ ሲዞር ቀኝ እጁ ወደ ላይ፣ ወደ ግራ ሲዞር ግራው። ትከሻው ከመጠን በላይ እንዳይለጠጥ እንጠነቀቃለን፤ ነርቩ ከተጎዳ ሳንባው ድኖ እጁ ይደነዝዛል።

በዚህ አተኛኘት ስንት ሰዓት ይቆያል? እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ እጨቃጨቃለሁ። ሰውን በደረቱ የማስተኛት ሐሳብ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ ያለ ነው፤ በዚያን ጊዜ ኦክስጅን እንደሚያሻሽል ታይቷል። ኦክስጅን ማሻሻል ግን ሕይወት ማትረፍ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2001 ጣሊያናዊው ሉቺያኖ ጋቲኖኒና ባልደረቦቹ ያሳተሙት ትልቅ ጥናት ኦክስጅኑ ሲሻሻል የሟቾቹ ቁጥር እንዳልቀነሰ አሳየ። በዚያ ጥናት ሕመምተኞቹ በደረታቸው የተኙት በቀን በአማካይ ሰባት ሰዓት ያህል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 ፈረንሳዊው ክሎድ ጌሬንና ባልደረቦቹ ፕሮሴቫ የተባለውን ጥናት አወጡ፤ 466 በጣም የታመሙ ሰዎች፣ ቢያንስ 16 ሰዓት ተከታታይ። በ28 ቀን ውስጥ በጀርባቸው ከተኙት 32.8 በመቶ ሞቱ፤ በደረታቸው ከተኙት 16 በመቶ። በእኛ ሙያ አንድ መድኃኒት ሞትን በግማሽ ቢቀንስ ዋጋው ስንት እንደሚሆን አስቡት። ይህ ግን አንሶላና አምስት ሰው ነው።

16 ሰዓት ማለት ደግሞ የግድ ሌሊቱን ይነካል፤ ሰው በሚያንስበት ሰዓት። አንዳንድ ሰው «ዛሬ ትንሽ አቆይተነው እንመልሰው፤ ለነገው ፈረቃ እንዳይከብድ» ይላል። አልቀየመውም፤ ወገቤን ስለማውቀው። ቢሆንም ሁለቱን ጥናቶች ያነበበ ሰው «ትንሽ» ማለት አይችልም። በኮቪድ ጊዜ፣ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በአገራችን የመጀመሪያው ሕመምተኛ ከተገኘ በኋላ፣ ስለ መተንፈሻ ማሽን ሁሉም ሰው አወራ። ስንት ማሽን አለን? ስንት መጣ? ማሽን ሲመጣ ፎቶ ይነሣል። ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ አንሶላውን የሚይዘው አምስተኛ ሰው ግን በማንም ቆጠራ ውስጥ አልነበረም። በኦክስጅን ጭንብል ብቻ የሚታገዙ ነቃ ያሉ ሰዎችንም ያን ጊዜ «እባክዎ በሆድዎ ይተኙ» እያልን ስንለምን ነበር። አንድ አዛውንት «ልጄ፣ ሰባ ዓመት በጎኔ ተኝቼ ነው እዚህ የደረስኩት» ብለውኝ ፊታቸውን አዞሩ። የኋላ ጥናቶች ይህ አተኛኘት ወደ ማሽን የሚገቡትን ቁጥር እንደሚቀንስ አሳይተዋል። አዛውንቱን ግን ማሳመን አልቻልኩም።

የራሴንም ጥፋት ልናገር። በሥራው አዲስ በነበርኩበት ጊዜ አንድ ሰው በደረቱ አስተኛን፤ ሁሉም ነገር አማረ። የልብ ምት መከታተያ ለጣፊዎቹን ወደ ጀርባው ማዛወር ነበረብን። አዛወርን፤ አንዷን ግን ረሳኋት። 16 ሰዓት ሙሉ በራሱ ክብደትና በፍራሹ መካከል ተጫነች። ስንመልሰው ከግራ ጡቱ በላይ የአንድ ብር ሳንቲም የምታክል ጠቁራ የሞተች ቆዳ አገኘሁ። ሰውየው ድኖ በእግሩ ወጣ። ሲሰናበተን አመሰገነኝ፤ ደረቱ ላይ ስላለችው ነገር አልጠየቀኝም። እኔም አልተናገርኩም፤ መናገር ነበረብኝ። ከዚያ ወዲህ ከመዞሩ በፊት ከአገጭ እስከ ጉልበት ድረስ በመዳፌ እዳብሳለሁ። ዓይን ያልፋል፤ እጅ ግን ያገኛል።

ሁሉም ሰው በደረቱ አይተኛም። የሚበዛው ሕመምተኛችን በጀርባው ራስጌው ከፍ ብሎ ነው የሚተኛው፤ የጨጓራ ፈሳሽ ወደ ሳንባ እንዳይሾልክ፣ ሆዱም ድያፍራሙን እንዳይጫን። እ.ኤ.አ. በ1999 ከባርሴሎና የወጣ ጥናት ማሽን ላይ ሆነው በ45 ዲግሪ ቀና ብለው ከተኙት በሳንባ ምች የተጠረጠሩት 8 በመቶ፣ ጠፍጣፋ ከተኙት ግን 34 በመቶ መሆናቸውን አሳይቷል። ጥናቱ ትንሽ ነበር፤ ከዚያ በኋላ የተሞከረ ሌላ ጥናት ደግሞ 45 ዲግሪን ቀኑን ሙሉ ጠብቆ ማቆየት በተግባር እንደማይሳካ አሳየ። ስለዚህ ከ30 እስከ 45 ብለን እንሠራለን።

30 መሆኑን በምን ታውቃላችሁ? አልጋው ጎን ላይ የዲግሪ መለኪያ አለው፤ የእኛዎቹ ግማሾቹ መርፌያቸው ወልቋል። በዓይን ግምት ብትሉኝ፣ «30 ነው» የተባለውን ለክቼ 18 ያገኘሁበት ቀን አለ። ኪሴ ውስጥ የልብስ ሰፊ ሜትር ይዤ እዞራለሁ፤ ባልደረቦቼ «ልብስ ሰፊዋ» ይሉኛል። የአልጋው መደገፊያ ርዝመት 80 ሴንቲ ሜትር ከሆነ፣ ጫፉ ከአልጋው ወለል 40 ሴንቲ ሜትር ከፍ ሲል 30 ዲግሪ ነው። ከፍታው የርዝመቱ ግማሽ ሲሆን ማለት ነው፤ የዘጠነኛ ክፍል ሒሳብ። 57 ሲደርስ 45 ዲግሪ ነው። በየአልጋው ላይ በነጭ ፕላስተር ምልክት አድርጌአለሁ።

የዚያው ሜትር ሌላ ሥራ ደግሞ ቁመት መለካት ነው። ማሽኑ በአንድ ትንፋሽ የሚሰጠው አየር የሚሰላው በሰውየው ኪሎ ሳይሆን በቁመቱ ነው፤ ሰው ሲወፍር ሳንባው አብሮ አይወፍርምና። 175 ሴንቲ ሜትር የሆነ ወንድ፣ 60 ኪሎ ይሁን 100፣ ለስሌቱ 70 ኪሎ አካባቢ ነው። ለታመመ ሳንባ በኪሎ 6 ሚሊ ሊትር ሲሰላ 420 ሚሊ ሊትር ግድም ይመጣል፤ ግማሽ ሊትር እንኳ አይሞላም። የእማማን ልጅ የለካሁት ተኝቶ ሳለ ነው፤ 178።

ወደ አልጋው ልመለስ፤ ዲግሪው ትክክል ሆኖ ሰውየው ትክክል ያልሆነበት ጊዜ ይበዛል። ቀና ያለ ሰው ቀስ በቀስ ወደ እግርጌ ይንሸራተታል። ያን ጊዜ አልጋው የሚታጠፈው ዳሌው ላይ መሆኑ ይቀርና ሆዱ ላይ ይሆናል። ፕላስተሬ 30 ይላል፤ ሰውየው ግን እንደ ቦርሳ ታጥፎ ድያፍራሙ ታፍኗል። ማሽኑ «ግፊት በዛ» ብሎ ይጮኻል፤ አዲስ ነርስ ማሽኑን ማስተካከል ትጀምራለች። ሁለት ሰው ሆናችሁ ወደ ራስጌ ሳቡት። ዳሌው ከአልጋው መታጠፊያ ጋር ይግጠም። ብዙ ጊዜ ጩኸቱ ያኔ ያቆማል።

በጎን ማስተኛትም የራሱ ጣጣ አለው። አንድ ሳንባው ብቻ የተጎዳ ሕመምተኛ ነበረን። በየሁለት ሰዓቱ ለመኝታ ቁስል ብለን ስናገላብጠው ወደ ግራ በዞረ ቁጥር ኦክስጅኑ ይወርዳል፤ ወደ ቀኝ ሲዞር ይመለሳል። እኔ ሽቦውን፣ ጣቱ ላይ ያለውን መለኪያ ስመረምር አንዲት አንጋፋ ነርስ መጥታ የራጅ ፊልሙን ወደ መብራቱ አነሣችና «ጤነኛውን ወደ ታች» ብላኝ ሄደች። ደም ወደ ታች ወዳለው ሳንባ ስለሚበዛ፣ ታች ያለው ጤነኛው ቢሆን ይሻላል። ደም የሚያስል ሰው ከሆነ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ የሚደማው ወደ ታች ይሆናል፣ ደሙ ጤነኛውን እንዳያጥለቀልቀው። ለጨቅላ ሕፃናትም ሕጉ ሌላ ነው።

የእማማ ልጅ በዚያን ቀን ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ወደ ጀርባው ተመለሰ። ፊቱ አብጦ ነበር፤ አገጩ ላይ ቀይ ምልክት አለ። እማማ ገብተው ሲያዩት የመጀመሪያው ነገር ፊቱን መዳሰስ ነበር። «በእንቅልፍ ያበጠ ነው፤ ይጎድላል» አልኳቸው። የያዙትን ጠበል ግንባሩ ላይ እንዲያስነኩት ፈቀድኩ፤ በአፉ ግን አይቻልም አልኳቸው፤ ተስማሙ። ማታ እንደገና አዞርነው። በማግስቱም። በአራተኛው ቀን ሐኪሙ በጀርባው ሆኖም ኦክስጅኑ ስለያዘ መዞሩ ይቁም አለ። እማማ ጠዋት መጥተው በመስታወቱ ሲያዩት ፊቱ ወደ ኮርኒሱ ነበር፤ ራስጌው ከፍ ብሏል።

«ምነው ዛሬ ሳትገለብጡት አደራችሁ?» አሉኝ፤ ተቆጥተዋል። «ሰው አጥታችሁ ነው?»

ሰው አጥተን እንዳልሆነ ለማስረዳት ጊዜ ወሰደብኝ። ሙሉ በሙሉ ያመኑኝም አልመሰለኝም።

ከሰዓት በኋላ መድኃኒት ለማምጣት ስወጣ ኮሪደሩ ላይ ከአንዲት አዲስ አስታማሚ ጋር ተቀምጠው አገኘኋቸው። ሴትዮዋ ባሏ ማታ ነው የገባው፤ በሆዱ ተኝቶ አይታው ደንግጣ ታለቅሳለች። እማማ እጇን ይዘው በዝቅተኛ ድምፅ ያስረዷታል። ሁለቱን መዳፎቻቸውን አነባብረው ቀስ ብለው አላቀቋቸው፤ ከዚያ ገለበጧቸው። ስለ ሰፌዱ ሲነግሯት ደረስኩ፤ ሳላቋርጣቸው አለፍኩ።